ለሐሙስ የተባለ ቀሚስ

ምክር በነፃ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ መንዝ ዘመሮ ውስጥ ሸዋረጋን ያልመከረ ሰው የለም። ገበያ ስትወጣ ይመክሯታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይመክሯታል፤ ውሃ ልትቀዳ ወረፋ ስትይዝ እንኳ ከኋላዋ የቆመችው ሴትዮ «አንቺ ልጅ፣ ምናለ ጊዜሽን ብታውቂበት?» ትላታለች። ጊዜሽን እወቂበት! ጊዜ እንደ ዶሮ እግሩን አስረው የሚያሳድሩት ነገር ይመስል! ልጅቷን ያቃታት እሱ ሆኖ ሳለ እሱኑ መልሰው ይመክሯታል። የተጠማን ሰው «ምናለ ብትጠጣ» እንደ ማለት ነው፤ ውሃው የታለና?

ሸዋረጋ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ያሉት ጊሼ፣ ከራቤል ወዲያ ነው። እሷ ግን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከወደቀች ወዲህ ዘመሮ፣ ከአክስቷ ከእትዬ አያልነሽ ጋር ትኖራለች። እትዬ አያልነሽ መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው ውስጥ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለቻቸው። ዐይናቸው እየደከመ ስለመጣ አሁን አሁን መኪናዋ ላይ የምትቀመጠው ሸዋረጋ ናት። እጇ ደግሞ እጅ ነው! ስፌቷን ገልብጠው ቢያዩት ከፊቱ ኋላው ያምራል። ጣጣው ልብሱ የሚደርስበት ቀን ላይ ነው። ለመስከረም የታዘዘ ዩኒፎርም ለኅዳር ይደርሳል፤ ለገና የታዘዘ ኮት ጥምቀትም አልፎት ይወጣል። «ሸዋረጋ ዘንድ ጨርቅ የሰጠ፣ ልብሱን የልጅ ልጁ ይለብሰዋል» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ አንጀቷ ግን ያርራል።

ሰነፍ ብትሆን እኮ ደግ ነበር። ሰነፍ ይተኛል፣ ይደላዋል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስትባዝን ውላ ማታ ዘወር ብላ ስታይ የተሠራ ነገር የለም። መቀስ ልታመጣ ትነሣለች፤ መሬት ላይ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ታያለች፤ ቁልፉን ልታስቀምጥ ቆርቆሮውን ስትከፍት ነጩና ጥቁሩ ተደባልቆ ታገኘዋለች፤ እሱን ስትለይ ፀሐይዋ ትጠልቃለች፤ መቀሱም እዚያው የነበረበት ቦታ ነው። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ሲሏት ምን ትበል? ቁልፍ ስለይ ዋልኩ ብትል ማን ሰው ይላታል?

ያልተሞከረ ነገር የለም። እትዬ አያልነሽ ጸበል አስጠምቀዋታል። ለማስታወሻ ጣትሽ ላይ ክር እሰሪ ብትባል አምስቱም ጣቷ ክር ሆነ፤ የትኛው ክር ለየትኛው ጉዳይ እንደታሰረ ግን ማን ያስታውስ! ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ ተባለች፤ ሞላች። ሲጮህ ታጠፋዋለች፤ ካጠፋችው በኋላ ለምን እንደጮኸ ይጠፋታል። አንድ ቀን እትዬ አያልነሽ አላርሙን ሰምተው «ምን አስታወሰሽ?» ቢሏት፣ «አንድ ነገር እንደረሳሁ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ይዘው «አንቺ ልጅ ጨጓራዬን ላጥሽው!» አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወግ ያለው ነገር የነገራት የአክስቷ ልጅ ወንድምአገኝ ነው። ወንድምአገኝ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ይማራል። ለጥምቀት መጥቶ ሳለ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ሲያያት ሲያያት ቆየና፣ «ሸዌ፣ አንቺ እኮ ሰነፍ አይደለሽም» አላት። «አእምሮሽ የተሠራበት መንገድ ነው። ስምም አለው።» ስሙን ነገራት፤ የፈረንጅ ፊደል ድርድር ስለነበር አልያዘችውም። «ላንቺ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ አሁንና አሁን ያልሆነ። አሁን ያልሆነው ነገ ይሁን የዛሬ ዓመት፣ ላንቺ እኩል ሩቅ ነው።»

ሸዋረጋ ጨርቁን እንደያዘች እንባዋ መጣ። ልጅ ሆና ልበ ቢስ፣ ስታድግ ዝንጉ፣ ዛሬ ደግሞ የሰው ልብስ አስቀማጭ ስትባል ነው የኖረችው። ውስጧ ያለውን ነገር እንደዚህ እንዳየው አድርጎ የነገራት ሰው አልነበረም። እትዬ አያልነሽ ግን ከጓዳ ሆነው፣ «እኛ ድሮ ስንፍና ነበር የምንለው፤ አሁን ክርስትና ተነሥቶ ስም ወጣለት?» አሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው የመሲ ቀሚስ ባለበት ሰሞን ነው። መሲ የሸዋረጋ የልብ ጓደኛ ናት። ከዘመሮ ሰው ሁሉ ሸዋረጋን መክራት የማታውቅ አንድ እሷ ብቻ ናት። ስትዘገይ ትጠብቃታለች፤ ስትረሳ ታስታውሳታለች፤ በቃ። የመሲ ሠርግ ጥር ሃያ አምስት፣ እሑድ ነው። እናቷ እትዬ ወሰንየለሽ «ልጄ ሆይ፣ ለሸዋረጋ ሰጥተሽ በአንሶላ ልትዳሪ ነው? ቀሚሱን ደብረ ብርሃን እንዘዘው» ብለው ቢለምኗት ወይ ፍንክች። ሸማውንና ጥለቱን ተሸክማ መጣችና መኪናዋ ላይ አስቀምጣ፣ «አንቺ ካልሰፋሽው አላገባም» አለቻት።

ጥቂት ቀን ቆይታ ደግሞ ተመልሳ መጣች። «ሸዌ፣ ካሜራማን ከደብረ ብርሃን ይመጣል። ከሠርጉ በፊት ሐሙስ ጠዋት ቀሚሱን ለብሼ ፎቶ እነሣለሁ። ለሐሙስ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል» አለች ሸዋረጋ።

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ብላታለች! የዛሬዋ ግን ሌላ ናት። ይህ ቀሚስ በቀኑ ከደረሰ፣ ሸዋረጋ አደራ የሚሰጣት ሰው ናት ማለት ነው፤ ካልደረሰ ደግሞ ሰው ሁሉ ያላት ልክ ነው፤ መሲም ብትሆን ከእንግዲህ ዝም የምትላት አዝናላት እንጂ አምናት አይሆንም። እንዲህ ብላ አሰበች።

ወንድምአገኝ ሊረዳት ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ዘዴው ዘዴ ነበር። መጀመሪያ የሌላውን ሰው ልብስ ሁሉ በጆንያ ከቶ ከእናቱ አልጋ ሥር ወረወረውና፣ «ጠረጴዛሽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይኑር፤ ዐይንሽ ያየውን ነው እጅሽ የሚከተለው» አላት። ቀጥሎ ክፍሉን አቋርጦ ገመድ ዘረጋ። «ቀሚስ ስፊ ብዬ አልነግርሽም። ቀሚስ ትልቅ ነው፤ ስታዪው ትሸሺዋለሽ። የዛሬው ሥራ ገበሩን መቁረጥ ብቻ ነው። ሲያልቅ ገመዱ ላይ ስቀዪው።» ስልኳንም መስኮቱ ጋ አስቀመጠው፤ አላርሙን ለማጥፋት ከመቀመጫዋ እንድትነሣ ነው። ለየቀኑ ሥራም ስም ሰጥቶ ስልኳ ላይ ሞላላት፤ ሰኞ አንገት፣ ማክሰኞ ዘምዘማ፣ ረቡዕ እጅጌና ጥለት፣ ሐሙስ ርክክብ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ወንድምአገኝ መጽሐፉን ይዞ አጠገቧ መቀመጡ ነው። አያናግራት፣ አያያት፣ የራሱን ያነባል። ያን ጊዜ እጇ ተፈታላት። የራሷ እጅ መሆኑን እስክትጠራጠር ድረስ ሥራው እየተከተለ ይመጣላት ጀመር። በደቦ ሲታጨድ የማንም ጀርባ እንደማያመው ዓይነት ነገር ነው። እትዬ አያልነሽ ይህን ሲያዩ፣ «እኔስ ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ የለ?» ቢሉ፣ ልጃቸው «እማዬ፣ አንቺ የምትቀመጪው እየተቆጣሽ ነዋ!» አላቸው። ሸዋረጋ ያን ቀን ከልቧ ሳቀች። ገመዱ ላይ ገበሩ ተሰቀለ፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ የታችኛው ቀሚስ። እያየችው ትደሰታለች።

ወንድምአገኝ ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሰኞ እንደምንም አለፈ፤ አንገቱም ተሰቀለ። ማክሰኞ ግን አጠገቧ ማንም አልነበረም። ዘምዘማውን ጀመረች። ከወገቡ ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ላይ ስፌቱ ዘመም ያለ መሰላት። ፈታችው። እንደገና ሰፋችው። አሁንም ዘመም አለባት፤ ደግማ ፈታችው። እንዲህ ስትፈታና ስትሰፋ ምሳም ሳትበላ ቀኑ ሄደ። ዘምዘማው መልካም ሆነ፤ እውነት ነው ያምራል። ሙሽራዋ ግን በዘምዘማ ብቻ አትዳርም! እጅጌው አልተገጠመ፤ ጥለቱ አልተያዘ።

«ግድ የለም» አለች ለራሷ። «እጅጌና ጥለት የረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ሙሉ ቀን አለኝ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ አያልነሽ ነጠላቸውን አጥበው፣ እጃቸውን እየጠረጉ ገቡና «በይ መኪናዋን ክደኛት፤ ነገ ማርያም ናት» አሏት።

«የምን ማርያም?»

«የምን ማርያም ትለኛለች እንዴ! አስተርእዮ ናታ! ጤናም የለሽ?»

ሸዋረጋ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አስተርእዮ ጥር ሃያ አንድ መዋሏን የመንዝን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይነግርዎታል። እሷም ታውቃለች። ረቡዕ እጅጌ መሆኑንም ታውቃለች። ግን ማርያም በአንዱ ጓዳ፣ ረቡዕ በሌላው ጓዳ ተቀምጠው በጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ቀን ሳይገናኙ ከረሙ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ማርያምን ከየት ያውቃታል! ወንድምአገኝስ ቢሆን የዘመሮ ልጅ፣ ለዚያውም የማርያም ስለት ልጅ አይደለም? ሁለቱም ስልኩ ላይ አፍጥጠው፣ ቀኑን እንደ ቂጣ ቆራርሰው ሲያካፍሉ አንዳቸውም አላዩትም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ማታ ብቻ ልስፋ» ብላ ለመነች።

«ዋዜማው ገብቶ?»

«እንግዲያው ነገ በሩን ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ...»

«ሸዋረጋ!» አሉ እትዬ አያልነሽ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት መካን ስባል ኖሬ ወንድምአገኝን የሰጠችኝ ማርያም ናት። በሷ ቀን በዚህ ቤት መርፌ አይነሣም። ፎቶ ነው? ፎቶው ይጠብቅ። ለመሲ ሂጂና አልደረሰም በያት።»

አልደረሰም በያት! ምን ቀላል ነገር ነው! ሸዋረጋ ይህችን ቃል ስንት ደጃፍ ቆማ ብላታለች። ሲነገራቸው ሰዎች የሚያሳዩትን ፊት ታውቀዋለች፤ አይቆጡም፤ «እኔም ብዬ ነበር» የሚል ዓይነት ትንሽ ፈገግታ ነው የሚያሳዩት። ያን ፈገግታ መሲ ፊት ላይ ከምታይ ዐይኗ ቢጠፋ ይሻላታል። የሚናደዱበት ሰው ቢኖር እንኳ ጥሩ ነበር፤ በማን ትናደድ? በስልኩ? በቀኑ? ሁለት ጣት በማትሞላ ስፌት ቀኑን በፈጀችው በራሷ ተናደደች። ጨርቁን አንሥታ ፊቷን ቀብራበት ጮኸች፤ ድምፁ ግን እዚያው ጨርቁ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ እትዬ አያልነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ሸዋረጋ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች። አገሩ በሙሉ ወደ ማርያም ሲወርድ ሰማች። ፀጥ ሲል ተነሥታ በሩን ቀረቀረች፤ መስኮቱን ዘጋች። መኪናዋ ላይ የተከደነውን ጨርቅ አነሣች። «እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ» አለች። ታቦቷ ገብታ ሕዝቡ ከመበተኑ አስቀድሞ እንዲጮህ ስልኩን ሞላችና መስኮቱ ጋ ሳይሆን አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነበረባታ! እጅጌዎቹን ብቻ ገጥማ ልታቆም ነበር፤ ጥለቱን በእጇ ጓዳ ተደብቃ ትይዘዋለች። ያሰበችው እንደዚህ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላኛው ችግሯ መጣ። ሸዋረጋ መጀመር ብቻ አይደለም የማይሆንላት፤ አንዴ ከገባላት ማቆምም አይሆንላትም። የግራው እጅጌ እጥፍ ሳይል፣ ሽብሽብ ሳይል ልክክ ብሎ ገባ። የቀኙም እንደዚያው። ጥለቱን ደረቱ ላይ ዘርግታ ስታየው መስቀሉ መሐል ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ልሞክረው አለች። መኪናዋ ቅር ቅር፣ ቅር ቅር እያለች እግሯና እጇ አንድ ሆኑ። ሐሳቧ የትም አልባዘነም፤ ረኃብ የለ፣ ብርድ የለ፣ ማርያምም የለች። አላርሙ ጮኸ። እጇ ሄዶ አጠፋው፤ እሷ ግን አልሰማችውም። እልልታው በመንገዱ አለፈ፤ እሱንም አልሰማችም። የታችኛውን ጥለት ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትቆርጥ ቀሚሱ አለቀ። ቀና ስትል በጓሮ በር የገቡት እትዬ አያልነሽ ከፊቷ ቆመዋል። የፊቱንም በር ከፍተውት ኖሮ ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ።

«ድምፁን ከመንገድ ስንሰማ እኮ መኪናው የእርስዎ አይመስለንም ብለን ነበር፣ እትዬ አያልነሽ» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ፣ «በልግ ልንዘራ ዘር አበጥረን ባለንበት! ውርጭ ቢመታን በማን ልናመካኝ ነው?» አለች።

እትዬ አያልነሽ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ጎንበስ ብለው የመኪናዋን መዘውር የሚያዞረውን ጠፍር ፈቱና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ዝንጉ ነሽ ሲሉኝ ስመክትልሽ ኖርኩ» አሉ። «ይህን ግን ዘንግተሽ አይደለም። ትናንት ነግሬሻለሁ። ሠርጉ ይለፍና አባትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ።»

ሸዋረጋ ምን ትላቸዋለች? ላቆም ነበር ብትል ማን ያምናል? ላቆም ነበር እኮ!

ሐሙስ ጠዋት ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። ሸዋረጋ ቀሚሱን ተኩሳ፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ ወጣች። ዐይኗ አብጧል፤ ሆኖም ስትራመድ አንድ ነገር ደረቷን ሞልቶታል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጠዋት ነው፤ ቀሚሱ ክንዷ ላይ ነው። ጊሼም ትሂድ፣ የትም ትሂድ፤ ለመሲ ደርሶላታል።

መሲ ግቢያቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንባ ፀሐይ ትሞቃለች። ፀጉሯ አልተሠራም፤ ፊቷንም የታጠበች አትመስልም።

«ሸዌ! ምነው በጠዋቱ? ደኅና አይደለሽም እንዴ?»

«ደረሰ» አለች ሸዋረጋ፤ ጥቅሉን ዘረጋችላት። «ካሜራማኑ መጣ?»

«የምን ካሜራማን?» አለች መሲ።

ይህን እንዳለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሸዋረጋ የመሲን ያልተበጠረ ፀጉር አየች፤ ባዶውን ግቢ አየች።

«ካሜራማን የለም?»

«በሞቴ እንዳትቆጪ» አለች መሲ፤ ብድግ ብላ እጇን ያዘቻት። «ወንድምአገኝን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት። እውነተኛውን ቀን አትንገሪያት፤ ቀደም አድርገሽ ስጫት፤ እንደሷ ላለ ሰው ይህ ዘዴ ይረዳል አለኝ። ሐሙስ ብልሽ ቅዳሜ ታመጪዋለሽ ብዬ እኮ ነው! እናቴም እንዳትጨቃጨቅብኝ...»

«ትናንት ማርያም ነበረች» አለች ሸዋረጋ።

«እና?»

«እናማ ሰፋሁ። በማርያም ቀን በመኪና ስሰፋ አክስቴ ከነማኅበርተኞቻቸው ያዙኝ። ጠፍሩን ፈቱት። ከሠርግሽ በኋላ ወደ አባቴ እሄዳለሁ።»

የመሲ ፊት አመድ መሰለ። «ምናለ አልደረሰም ብትዪኝ! ምናለ ሸዌ! እኔ ምን እልሽ ነበር?»

«ምንም አትዪኝም ነበር። እሱን እኮ ነው የፈራሁት!» አለች ሸዋረጋ። «አልደረሰም ማለቱን ለሰው ሁሉ ብዬዋለሁ። አንቺን አንድ ጊዜ ደረሰ ልበልሽ ብዬ ነው። ይኸው ደረስኩ፤ ለማንም በሰዓቱ ደርሼ አላውቅም፤ ላንቺ ደረስኩ። ያልሽኝ ቀን ግን የውሸት ነው! ሌላው ሰው ቢያደርገው ግድ አልነበረኝም፤ ሲያደርጉት ነው የኖሩት። አንቺ ግን ታምኚኛለሽ ብዬ ነበር።»

«አምንሻለሁ እኮ።»

«ታዝኚልኛለሽ እንጂ አታምኚኝም!»

መሲ አቀፈቻት። ይቅርታ አለች፤ አክስትሽን ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ አለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ቤት ገብተው ቀሚሱን አጠለቀችው። ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ልክክ አለ፤ እጅጌው ክንዷ ላይ ሲወርድ፣ ጥለቱ ደረቷ ላይ ሲበራ፣ ሸዋረጋ በቁጣዋም መሐል ሆና «ዞር በይ እስቲ» ማለቷ አልቀረም። የልፋቷን ማማር አይታ ልቧ ትንሽ ረጋ። ጓደኛ እስከ መቼ ይኮረፋል?

«እሺ፣ እሑድ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች። ሚዜዋ እሷ ናታ።

«ሙሽራው ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል» አለች መሲ። «ከዚያ በፊት ድረሽልኝ።»

ሸዋረጋ ወጣች። በሩ ጋ እትዬ ወሰንየለሽ የጠላ ጋን ያጥናሉ። ምን እንዳናገራት እንጃ፣ ሆዷ ነው መሰለኝ፣ ቆም አለችና «እትዬ፣ እሑድ ሙሽራው ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አራት ሰዓት ነው፣ ልጄ። ለሽማግሌዎቹም ይኸንኑ ብለናል» አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

ሸዋረጋ ተመለሰች። መሲ ቀሚሱን እንደለበሰች መስተዋት ፊት ቆማለች።

«አራት ሰዓት ነው አሉ እናትሽ።»

መሲ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት እንጂ አልዞረችም። ምን ብላ ትዙር? ይቅርታዋ ገና ከአፏ ሳይደርቅ ነው!

«አራት ብልሽ ኖሮ በአራት ትመጪ ነበር?» አለች በመጨረሻ፤ በዝግታ፣ ሳትቆጣ። «እውነቱን ንገሪኝ። ትመጪ ነበር?»

ሸዋረጋ እመጣለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከቤት ስትወጣ የምታየውን ቁልፍ፣ የምትለየውን ክር፣ አጥፍታ የምትረሳውን አላርም አሰበች፤ ለመሲ ደግሞ ዋሽታት አታውቅም። «እንጃ» አለች።

«እኔ ደግሞ ያላንቺ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም» አለች መሲ። «ለዚህ ነው።»

የሸዋረጋ አንጀት እርር ድብን ብሏል፤ መሲን ደግሞ ትወዳታለች። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡባት።

«አራት በይኝ» አለች።

«ሸዌ...»

«አራት ከሆነ አራት በይኝ። እኔ የማውቀውን ያህል እታገላለሁ። ካልመጣሁ ደግሞ አትጠብቂኝ፤ ትተሽኝ ውጪ።»

መሲ ዞረች። የእጅጌውን ጫፍ በጣቷ ይዛ ስታሸው፣ ስታሸው ቆየች።

«አራት ሰዓት» አለች፤ ወዲያውም ማልቀስ ጀመረች።